ጋሼ፣ የልጁ ጸጥታ ነው ያስፈራኝ

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። «ልጆቻችንን ያሳመማቸው ስልክ ነው» ብለው የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ስለዚህ ጽሑፍዎ በሁለት በኩል ነካኝ። አንደኛ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ በእጄ ነው። ሁለተኛ፣ ቤታችን የአእምሮ ታማሚ አለች። ታላቅ እህቴ ናት። ይህን የምጽፈው እሷ ፈቅዳልኝ ነው። «ስሜን ብቻ አትጥራ» ብላኛለች፤ አልጠራም።

ጽሑፉን ላላነበበ ባጭሩ ልንገረው። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ኮምቦልቻ ያለ የወንድማቸው ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ትምህርት ጠላ። ከሰው ራቀ። ሌሊቱን ስልክ ላይ እያደረ ቀን ይተኛ ጀመር። ስልኩን ቀሙት። «ሁለት ወር ሆነው፤ አሁን ጸጥ ብሏል» ይላሉ። ከዚህ ተነስተው አምስት ነገር ያነሳሉ። ድባቴ (ዲፕሬሽን) የሚሉት ከስልክ ጋር የመጣ የፈረንጅ በሽታ ነው። መድኃኒቱ ስልኩን መቀማት ነው። ወሎ ውስጥ የታመመን ማግለል የለም፣ ቡናችን ይበቃናል። ዱዓና ጠበል እያለ ኪኒን ማደንዘዣ ነው። በየአደባባዩ ማውራቱ ደግሞ ገመና ማውጣት ነው፣ ሕመሙንም ያዛምታል።

ልጁን ወደውት እንደጻፉ ያስታውቃል። እኔም በየተራ ልመልስልዎ።

በፈረንጅ በሽታው ልጀምር። «ድባቴ» የሚለው ቃል ለጆሯችን አዲስ መሆኑ እውነት ነው። «ደበረኝ» ስንል ሰለቸኝ ማለታችን ስለሆነ ለሕመሙ ሌላ ቃል አስፈለገ። ሕመሙ ግን ስንት ዘመኑ! እናቶቻችን «ራሴን ያቃጥለኛል» ይሉ ነበር። «ሐሳብ በላት»፣ «ከሰው ተራ ወጣ»፣ «እህል አልወርድልህ አለኝ» ይባል ነበር። ይህ ሁሉ የኛው አማርኛ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። እኛ ልጆች ሆነን ስንጣላ «አማኑኤል ያስገባህ» ስንባባል ሰፈሩ ውስጥ አንድም ሞባይል አልነበረም።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ግን ቤቴ ውስጥ አለ። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ እኛ አልወጣንም። እህቴን በእግር ይዞ መውጣት አይቻልም ነበር። ኔትወርክ ጠፋ። ሱቄ ውስጥ የነበረው ስልክ ሁሉ ባዶ ዕቃ ሆነ። ኪኒኗም አለቀ። ለዓመታት ደህና የነበረች ልጅ፣ ኪኒኑ ባለቀ በዘጠነኛው ቀን እንቅልፍ ተዋት። ውሻ ሲጮህ ስሟን የጠራት ይመስላት ጀመር። ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ክብደቷ ግማሽ የሆነ ይመስል ነበር። አንድ ሜጋባይት ዳታ በሌለበት ነው የታመመችው፣ ጋሼ። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጣው ግምት፣ ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለባቸው። ከአምስት ሰው አንድ ማለት ነው። በሐረጎ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ስንት ሰው ይቀመጣል? እርስዎ ይቁጠሩት። የወንድምዎ ልጅም ያኔ ገና ልጅ ነበር፤ ምን እንዳየ የጠየቀው ሰው ይኖር ይሆን?

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የሞባይል ዳታ ሲዘጋስ? በእርስዎ አባባል ያኔ ልጆቻችን መዳን ነበረባቸው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ልጆቻቸው አረብ አገር ያሉ እናቶች ስልካቸውን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይመጡ ነበር። «ተበላሽቶብኛል መሰል፣ ልጄ በኢሞ መደወል ተወች» ይሉኛል። ከፍቼ አየዋለሁ። ምንም አልሆነም። «ስልኩ ደህና ነው እማማ፣ ዳታው ነው» እላለሁ። አያምኑኝም። በሁለተኛው ቀን ተመልሰው ይመጣሉ። ለእነዚያ እናቶች ስልክ በሽታ አልነበረም። ጭንቀታቸውን የሚያበርድላቸው እሱ ነበር።

ወደ መቀማቱ ልምጣ። «ስልክ የቀነሱ ተማሪዎች ድባቴያቸው እንደቀነሰ አሜሪካኖች አረጋግጠዋል» ብለዋል። ጥናቱ አለ። ግን እንደዚያ አላለም። ሜሊሳ ሃንት የተባለች የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ ናት ከባልደረቦቿ ጋር በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የሠራችው። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 143 ተማሪዎች ነበሩ። የማንም ስልክ አልተቀማም። ግማሾቹ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን ለ10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ ተነገራቸው። ሌሎቹ እንደወትሯቸው ቀጠሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የቀነሱት ብቸኝነታቸውና ድባቴያቸው ቀለል አለ። ይህ ለእርስዎ ነጥብ ነው፣ አልክድም።

እኔን እንደ ስልክ ጠጋኝ የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ምን ያህል እንደተጠቀሙ የተለካው ተማሪዎቹ ራሳቸው የስልካቸውን የባትሪ ገጽ እያነሱ በሚልኩት ፎቶ ነው። ታዲያ ምንም ያልቀነሱትም ጭንቀታቸው ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ ራስን መከታተሉ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ስንት ሰዓት ስልክ ላይ እንዳለፈ በዓይን ማየቱ ብቻ ለውጥ አመጣ ማለት ነው። ይህን ልጁ ራሱ ማድረግ አለበት። በተቀማ ስልክ ራስን መከታተል አይቻልም።

እኔም ሱቄ ውስጥ እሞክረዋለሁ። ባለቤቱ ከፈቀደ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ «ዲጂታል ዌልቢንግ» የሚለውን፣ በየትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንዳለፈ የሚያሳየውን ገጽ፣ እከፍትለታለሁ። አብዛኛው ሰው መኖሩንም አያውቅም። ባለፈው አንድ ወጣት ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቴክኖ ይዞ መጣ። ስክሪኑን ቀይሬ ገጹን አሳየሁት። ቲክቶክ፣ አምስት ሰዓት ከምናምን። ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው የምከፍተው» አለኝ። «እንቅልፍ እምቢ ማለት የጀመረህ መቼ ነው?» አልኩት። «አባቴ ከሞተ ጀምሮ» አለ። ስልኩን የገዛው አባቱ ከሞተ ከዓመት በኋላ ነው። የትኛው ቀደመ፣ ጋሼ?

ይህን የእኔን አንድ ልጅ ይተዉት። ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የ355,358 የአሜሪካና የእንግሊዝ ታዳጊዎችን መረጃ መርምረዋል። በታዳጊዎቹ ደህንነት መካከል ካለው ልዩነት ከዲጂታል ቴክኖሎጂ ጋር የሚያያዘው ቢበዛ 0.4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ድንች አዘውትሮ መብላት እንኳ ለዚያ የቀረበ ቁጥር ነበረው። ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው። ሌሊቱን ስልክ ላይ የሚያድር ልጅ አይጎዳም ማለት አይደለም። እንቅልፍ ማጣት ሕመምን ያባብሳል፣ በእህቴ አይቼዋለሁ። እኛ ቤት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የሁላችንም ስልክ ሳሎን ነው የሚያድረው፤ የእኔም ጭምር። ይህን አብሮ መስማማትና ከልጅ እጅ መንጠቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ሦስተኛው ነጥብዎ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ወሎ ገራገር ነው፣ እኛ ዘንድ ማግለል የለም፣ ቡና እየጠጣን ሁሉን እንፈታዋለን» ብለዋል። ይህን ስታነብ እህቴ አለቀሰች።

የእናቴን ሳሎን ላሳይዎ። ዓመቱ 2005 ነው። አመሻሽ ላይ ቡና ይፈላል። ዕጣን ይጨሳል። አራት አምስት ጎረቤት ተቀምጧል። ከሳሎኑ ጀርባ ጓዳ አለ፤ መጋረጃ አለው፣ ከመጋረጃው ኋላ የተቆለፈ በር። እህቴ እዚያ ውስጥ ፍራሽ ላይ ናት። ከታመመች ዓመት አልፏታል። ከመታመሟ በፊት ጅዳ ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ አረብ አገር ያለች ነው የሚመስለው። አቦሉ ሲቀዳ አንዷ «እሷስ? ላከች ወይ?» ትላለች። እናቴ ስኒ ስኒውን እያየች «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት፣ ባለፈው ደውላ ነበር» ትላለች። ከጓዳ ድምፅ ከተሰማ ቴሌቪዥኑን ከፍ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። በረካው ተጠጥቶ ዱዓ ይደረጋል፤ «በሰላም ይመልስልሽ» ተብሎ። እህቴ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ከዓመታት በኋላ «አንዳንዴ እኔም ጅዳ ያለሁ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። የታናሽ እህቴ ኒካህ ቀርቦ ነበር። እኛ አገር ለጋብቻ ዘር ይጠየቃል። «ቤታቸው የታመመ አለ» ከተባለ ሽማግሌ ይመለሳል። ይህን እርስዎም ያውቁታል። «እብድና ብርድ ያስቃል በግድ» የምንለው እኛው ነን። «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» የምንለውም እኛው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ታማሚዎች የሚታከሙበት ቦታ ስለነበር ስሙን መስማት ራሱ የሚያሸማቅቃቸው ሰዎች ነበሩ። ገራገርነታችን እውነት ነው፤ ይህም እውነት ነው።

ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ እንዳይመስልዎ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ቡታጅራ አካባቢ የከባድ አእምሮ ሕመምተኞች ዘመድ የሆኑ 178 ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ። 37 በመቶ የሚሆኑት የዘመዳቸውን መታመም መደበቅ ይፈልጉ ነበር።

ፓትሪክ ኮሪጋን የሚባል አሜሪካዊ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው መገለልን ነው። እሱ ራሱም የአእምሮ ሕመም እንዳለበት በይፋ ተናግሯል። መገለልን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ከሰው የሚመጣው ነው። ሌላው ታማሚው ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠው ነው። ሰው «እብድ አይረባም» ሲል የሰማ ታማሚ ውሎ አድሮ «እኔ አልረባም» ይላል። ከዚያ «ታዲያ ለምን እሞክራለሁ?» ብሎ ሐኪም ቤቱንም፣ ትምህርቱንም፣ ሥራውንም ይተወዋል። እህቴ ከመጋረጃው ኋላ የደረሰባት ይኼው ነው።

እና እንዴት ወጣች? ኅዳር 2006 ሳዑዲ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ከወሎ የሄዱ ልጆች በየቀኑ በመኪና ይደርሱ ነበር። ጎረቤቶቹ «ሁሉም ሲገባ ያንቺ ልጅ የት ቀረች?» ማለት ጀመሩ። እናቴ ውሸት አለቀባት። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን ቡና ሳይደርስ ብቻቸውን መጡ። የእሳቸው ልጅ በዚያው ወር ተመልሳ ነበር። ሳሎን አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው መጋረጃውን ገለጡና በሩን ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «እኔም ቤት አለች» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ሁለቱ እናቶች በር ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። በሳምንቱ ሁለቱም ልጆች በአንድ ባጃጅ ሐኪም ቤት ሄዱ።

ኮሪጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 የ72 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲመረምሩ ያገኙት ይህን ይመስላል። አዋቂ ሰው ስለ አእምሮ ሕመም ያለውን ክፉ አመለካከት የሚያስለውጠው ከትምህርት ይልቅ ታሞ ከዳነ ሰው ጋር መገናኘት ነው። በቪዲዮ ከማየት ደግሞ በአካል መገናኘቱ ይበልጣል። ለታዳጊዎች ግን ትምህርቱ የተሻለ ሠርቷል። እርስዎ መምህር ነበሩና ይህ ማስተማሩ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ቡናው ይበቃል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ጓዳው ከተከፈተ ብዙ ይሠራል እላለሁ። በተቆለፈ በር ፊት ሲጠጣ ግን ውሸት ያበዛል።

በዱዓና በኪኒን ላይ ብዙ አልልም፤ ቤታችን ይህ ጠብ ስለሌለ። ቁርአን የሚቀሩልን ሸህ እናቴን ያሏት «ዱዓውም አይቅር፣ ሐኪም ቤቱም አይቅር» ነው። «አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድ በሽታ አላወረደም» የሚለውን ሐዲስም ያነሱላት እሳቸው ናቸው። በክርስቲያኑም በኩል እንጦጦ ማርያም ጠበል ቦታ የሃይማኖት አባቶችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አብረው ሲሠሩ ታይቷል፤ ጠበሉን ሳይተዉ ኪኒኑንም የሚወስዱ ሰዎች አሉ። «ያደነዝዛል» ላሉት ግን አንድ እውነት አለዎት። የመጀመሪያው ኪኒን እህቴን በጣም ያስተኛት ነበር፣ ምራቋም ይዝረበረብ ነበር። ተመልሰን ሄድን፤ መጠኑን ቀነሱ፣ በኋላም ቀየሩት። ጫማ ሲጠብ ይቀየራል እንጂ በባዶ እግር አይኬድም። አማኑኤል ድረስ 400 ኪሎ ሜትር መሄድም ቀርቷል፤ እዚሁ ደሴ የአእምሮ ሕክምና አለ።

የቀረው ገመናው ነው። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር የምስማማበት ይበዛል። ልጆች ከቲክቶክ ተነስተው ለራሳቸው የበሽታ ስም እየሰጡ ነው። የካናዳ ተመራማሪዎች ትኩረት ስለማጣት ሕመም የሚያወሩ 100 ታዋቂ የቲክቶክ ቪዲዮዎችን አይተው እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ውጤት 52ቱ አሳሳች ነበሩ። ልጅ ግን ስለ ሕመሙ ለምን ስልክን ይጠይቃል? ቤት ውስጥ ቢጠይቅ «ዝም በል» ስለሚባል ነው።

ገመና ማውጣትስ ካልን፣ እኔን የሚያመኝ ገመና ሌላ ነው። ፒያሳ የሚውል አንድ ሰው አለ። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ጥር ሦስት ልጆች አሥር ብር እያሳዩ ያስጨፍሩታል፣ አንዱ ይቀርጻል። ሰውየው ሱሪው ወደ ታች ወርዶ ነበር። ሰው ቆሞ ይስቃል። ጥግ ላይ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ጀበናቸውን አስቀምጠው መጡ። ነጠላቸውን አውልቀው ወገቡ ላይ አሰሩለት። ከዚያ የቀረጸውን ልጅ እጁን ይዘው «የማን ልጅ ነህ? እሱስ የማን ልጅ ይመስልሃል?» አሉት። ልጁ ከሳምንት በኋላ ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ ይዞ ሱቄ መጣ። አወቅሁት። ቪዲዮው አሁንም እንዳለ ጠየቅሁት። «ብዙ ሰው አይቶታል» አለኝ። የእህቴን ታሪክ ነገርኩት። እዚያው ፊት ለፊቴ አጠፋው። የተቀባበሉት ቪዲዮ ግን የት የት እንደደረሰ አላህ ይወቅ። ጋሼ፣ ስለ ስልክ ጉዳት ከጻፉ አይቀር እባክዎ ይህን ይጻፉልን። ታማሚው መታመሙን ፈቅዶ የሚናገረውና ሳይፈቅድ የሚቀረጸው አንድ አይደሉም። መጀመሪያው በር ይከፍታል፤ ሁለተኛው ጓዳ ያለችውን ልጅ ይበልጥ ያስደብቃታል።

«ማውራቱ ያዛምታል» ላሉትም፣ ሐኪሞቹ ደጋግመው የሚሉት ተቃራኒውን ነው። አንድን የተጨነቀ ሰው «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በደግነት መጠየቅ ሐሳቡን አይከትበትም። ብዙ ጊዜ ያቀልለታል።

እና አሁን ስለ ልጁ። «ጸጥ ብሏል» ብለው ጽፈዋል። እንደ ጥሩ ዜና ነው የጻፉት። እኔ እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። እህቴም መጀመሪያ ጸጥ ነው ያለችው። እናቴ ለጎረቤት «ጨዋ ሆነችልኝ» ትል ነበር። እሷ ግን መብላት ትታ ነበር፤ ምግቡን ፍራሽ ሥር ትደብቀው ነበር።

ጋሼ፣ እባክዎ ዛሬ ኮምቦልቻ ይውረዱ። ስልኩን ይዘውለት ይሂዱ፤ ግን መጀመሪያ ስለ ስልክ አያንሱበት። ከእናቱ ራቅ አድርገው፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ይዘውት ወጣ ይበሉ። ሌሊት ይተኛ እንደሆነ ይጠይቁት። ምግብ ይጣፍጠው እንደሆነ። ድሮ የሚወደው ነገር አሁንም ደስ ይለው እንደሆነ። መኖር አስጠልቶት ያውቅ እንደሆነም ይጠይቁት፣ አይፍሩ። አዎ ካለዎት ብቻውን እንዳያድር፤ ጠዋቱኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ደሴ ካመጡት ደግሞ እኔ ሱቅ ጎራ በሉ። እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ታፈላለች፤ «ልጁ ከመጣ እኔ ላናግረው» ብላለች።